በኋላ ጎማ የምትገፋ ኃይለኛ የስፖርት መኪና፦ ከእጃችሁ እንዳታመልጥ ምን ትመርጣላችሁ?

ዝናቡ ካባራ ሩብ ሰዓት አልሞላውም። ከመታጠፊያው እየወጣሁ ነበር፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ነዳጅ ጨመርኩ። የጨመርኩት በድሮዋ ትንሽ መኪናዬ ሁልጊዜ የምጨምረውን ያህል ነው። ይቺኛዋ ግን ከ400 በላይ የፈረስ ጉልበት አላት። ኋላዋ ወደ ጎን ሄደ። መሪውን ለማዞር እንኳን አልደረስኩም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፣ ሞተሩ ድምፁን ዋጥ አደረገ፣ መኪናዋ ተመልሳ ቀና አለች። ያዳነኝ ኮምፒውተሩ ነው። እኔ ገና «ምን ሆነች?» እያልኩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ዓይነት መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። መንሸራተት ከጀመረችበት ቅጽበት ጨርሳ እስክታመልጥ ድረስ ስንት ጊዜ ትሰጣችኋለች? አንዷ እየነገረቻችሁ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ሌላዋ ሳታስጠነቅቅ ትዞራለች። ሞተሩ የት ይሁን፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ እየገፋ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ) ይኑረው አይኑረው፣ ምን ጎማ ይደረግላት፣ በየትኛው ሞድ (በኮምፒውተሩ የሚመረጥ የመንዳት ስልት) ላይ ትነዳ፣ የት ሄዳችሁ ትለማመዱ፤ ሁሉንም በዚህ መለኪያ ማወዳደር ይቻላል። እኔም እዚህ የማደርገው እሱኑ ነው።

ኋላዋ ለምን ይከዳል?

መኪናን ከመሬት ጋር የሚያገናኟት አራት ቦታዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው የሰው መዳፍ ቢያክሉ ነው። ጎማ መሬት የመያዝ አቅሙ ውስን ነው። ያንኑ አቅም ለመታጠፍ፣ ለማፍጠን እና ለፍሬን ያካፍለዋል። ለአንዱ ብዙ ከሰጠ ለሌላው የሚተርፈው ትንሽ ነው።

የፊት ጎማቸው በሚጎትት መኪኖች መታጠፊያ ላይ ነዳጅ ካበዛችሁ የሚደክመው የፊቱ ጎማ ነው። መኪናዋ አልታጠፍም ብላ ወደፊት ትሄዳለች። ደንግጣችሁ እግራችሁን ብታነሱ ብዙውን ጊዜ ትመለሳለች። ድንጋጤያችሁ የሚያዛችሁ ነገር ከትክክለኛው እርምጃ ጋር ይገጥማል ማለት ነው።

በኋላ ጎማ በምትገፋው ግን የፊቱ ጎማ ሥራው መታጠፍ ብቻ ነው። ለዚህም ነው መሪዋ ንጹሕ የሚሆነው፣ መንዳቷም የሚጥመው። ስታፈጥን ክብደቷ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሚገፋው ጎማ የበለጠ መሬት ይቆነጥጣል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ችግሩ የኋላው ጎማ ሁለት ሥራ አለው፤ መኪናዋን መግፋት እና ኋላዋን በመስመሯ መያዝ። ጉልበቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይተዋል። እዚህ ላይ ደንግጣችሁ እግራችሁን በድንገት ብታነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘላል፣ ኋላዋ ይቀላል፣ ይብስባታል። ደመ ነፍሳችሁ የሚያዛችሁ ነገር ስህተት የሚሆንበት መኪና ነው። ይህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እግርን ማስለመድ ግን ሌላ።

የመጀመሪያዋ ትልቅ ትሁን ወይስ ትንሽ?

ብዙ ሰው የሚያስበው «ጉልበቱ ይኑር፣ እኔ ቀስ እላለሁ» ነው። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ከልምዴ የምመክረው ሌላ ነው፤ የቻለ ሰው በትንሿ ይጀምር።

ማዝዳ ኤምኤክስ 5ን ውሰዱ። ከ1989 ጀምሮ የምትሠራ፣ በቅርቡ ትውልዷ አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን፣ በ2 ሊትር ሞተሯ ወደ 180 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ መኪና ናት። ቶዮታ 86ም እንደዚሁ። በ2012 ገበያ ላይ ስትወጣ የተገጠመላት ጎማ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ በምትሠራው በዚያች ቆጣቢ ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ዓይነት ነበር። ብዙዎች ገርሟቸዋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ መሐንዲሶቹ መኪናዋ በዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ ብላ እንድትንሸራተት ፈልገዋል። መሬት የመያዝ አቅሟ ቶሎ ያልቃል፣ ስትለቅ ግን ፍጥነቷ ትንሽ ነው፣ አለቃቀቋም የዋህ ነው። ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም።

አሁን ከሌላው ጫፍ እንያት። ዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት በ2015 ሞዴሏ ሱፐርቻርጀር (እንደ ቱርቦ አየር የሚገፋ፣ ግን ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው መሣሪያ) ካለው 6.2 ሊትር ሞተር 707 የፈረስ ጉልበት ይዛ መጣች። ፋብሪካው ሁለት ቁልፍ ሰጣት። ቀዩ ሙሉውን ጉልበት ይለቃል። ጥቁሩ ወደ 500 ይገድበዋል። ፋብሪካው ራሱ ጉልበቱን የሚቀንስ ቁልፍ ሠርቶ ከሰጠ ይህን ቁም ነገር መናቅ አይገባም። እንዲህ ዓይነት መኪና ካላችሁ፣ ወይም በመኪናዋ ምናሌ ውስጥ ጉልበት የሚገድብ ምርጫ ካለ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በተገደበው ንዱ። ማንም አያይባችሁም። ቢያይስ ምን ይሆናል?

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ትልቋ መኪና ሰፊና የሚጣበቅ ጎማ ስላላት ለረጅም ጊዜ ምንም አትልም። ፍጥነቱ ሳይታወቃችሁ ይጨምራል። ስትለቅ ታዲያ የምትለቀው ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ነው። የእንቅስቃሴ ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ከ60 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 28 ሜትር ትሄዳላችሁ። «ምን ሆነች?» ብሎ ለመጠየቅ የሚፈጀው ያን ያህል መንገድ ነው።

ሞተሩ ከፊት፣ ከመሐል ወይስ ከኋላ?

ይህን ብዙ ገዢ እንደ መልክ ጉዳይ ያየዋል። አይደለም። መኪናዋ እንዴት እንደምትዞር የሚወስነው ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሞተሩ ከፊት ሲሆን፣ እንደ ፎርድ ሙስታንግ ወይም ቢኤምደብሊው ኤም 3፣ ክብደቱ በሁለቱ ጫፍ ይከፈላል። እጁን ዘርግቶ የሚሽከረከር ሰው አስቡ፤ ለመጀመር ይዘገያል፣ ዙሩም ቀርፋፋ ነው። መኪናዋም እንደዚያው ናት። ኋላዋ ሲሄድ እየታወቃችሁ ይሄዳል። እናንተም ከኋላው ትደርሱበታላችሁ። ጉድለቷ ከኋላው ጎማ በላይ ያለው ክብደት ትንሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገና ከቆመችበት ስትነሳ፣ በተለይ በእርጥብ መንገድ፣ ጎማዋ በቀላሉ በባዶ ይሽከረከራል።

ሞተሩ መሐል ላይ ሲሆን፣ እንደ ፖርሽ ኬይማን ወይም እንደ ብዙዎቹ ፌራሪዎች፣ ሰውየው እጁን ወደ ደረቱ ሰበሰበ ማለት ነው። መታጠፍ ሲፈልግ ወዲያው ይታጠፋል። መዞር ሲጀምርም ወዲያው ይዞራል። እንደዚህ ዓይነት መኪና መሬት ከሁሉም የበለጠ ትይዛለች፣ ስትለቅ ግን ጊዜ አትሰጥም። ሸቭሮሌ ኮርቬት ለአሥርተ ዓመታት ሞተሯ ከፊት ነበር፤ በ2020 ሞዴል ወደ መሐል ተዛወረ። አዲሷ ከመታጠፊያ ስትወጣ ከድሮዋ በጣም የተሻለ ትገፋለች። የድሮዋን የለመደ ሰው ግን እጁን እንደገና ማስተማር አለበት።

ሞተሩ ከኋላ አክሱል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) ጀርባ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ፖርሽ 911 በ1963 ለሕዝብ ከቀረበች ጀምሮ እንደዚሁ ናት። ክብደቱ በሚገፋው ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ነዳጅ ስትሰጧት ትቆነጥጣለች። መታጠፊያ መሐል ላይ እግራችሁን ድንገት ካነሳችሁ ግን ያ ክብደት እንደተንጠለጠለ ድንጋይ ይወዛወዛል። በ1975 የመጣችው የመጀመሪያዋ 911 ቱርቦ በዚህ ጠባይዋ ስሟ ክፉ ሆኖ ነበር። ነዳጅ ትሰጣላችሁ፣ ምንም የለም፣ ምንም የለም፣ ከዚያ ጉልበቱ አንድ ላይ ይመጣል። የደነገጠው ሹፌር እግሩን ያነሳል፤ ኋላዋ ቀድሞት ይሄዳል። የዛሬዎቹ 911ዎች በሞላቸውና በአሞርዛተራቸው፣ በጎማቸውና በኤሌክትሮኒክሳቸው እጅግ ገርተዋል። ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ አንዷን ሊገዛ የሚያስብ ሰው ግን የዛሬዋን ነድቶ ያንን ገዛሁ እንዳይል እለምናለሁ።

ለጀማሪ ምርጫዬ ሞተሯ ከፊት የሆነች፣ በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ መኪና ናት። ረጅሟ ቀስ ብላ ትዞራለች። አጭሯ ቶሎ ትዞራለች። ቀላል ነው።

ጉልበቱ እንዴት ይመጣል?

ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም የሌለው ሞተር እግራችሁ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ይሰጣል። ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ላይ እስኪደርስ ጉልበቱ እየተገነባ ይሄዳል። ለመማር የሚስማማው እሱ ነው።

የዛሬ ቱርቦዎች እንደ 1975ቱ አያስጠብቁም። ቢሆንም ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ብዙ የማዞር ኃይል ይለቃሉ። እርጥብ መንገድ ላይ በሦስተኛ፣ አንዳንዴም በአራተኛ ማርሽ ጎማ ሊያሽከረክሩ ይችላሉ። «ማርሹ ከፍ ያለ ነው፣ ምንም አይልም» የሚለው እምነት በእነሱ ዘንድ አይሠራም። ሱፐርቻርጀር ያለው ሳይዘገይ ወዲያው ይሰጣል፤ አይደብቅም፣ አይራራምም።

ኤሌክትሪክ መኪና የራሷ ዓለም ናት። ሙሉ የማዞር ኃይሏ ከዜሮ ጀምሮ አለ። በጎ ጎኑ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ከቤንዚን ሞተር በጣም በፈጠነ ሁኔታ ስለሚቆጣጠረው መንሸራተቱን ገና ሲጀምር ይይዘዋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ እግር ስታነሱ ነው። ኃይል ወደ ባትሪ የምትመልሰው በኋላ ጎማዋ ብቻ ከሆነ፣ በሚያዳልጥ መታጠፊያ ላይ እግር ማንሳት የእጅ ፍሬን በትንሹ እንደመሳብ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲያዳልጥ ይህን መመለሻ ወደ ዝቅተኛው አድርጉት። ክብደቷንም አትርሱ፤ ባትሪው ከባድ ነው።

ማርሽ

ማኑዋል ብትመርጡ ጥቅሙ ፍሪሲዮን መኖሩ ነው። በአንድ እርግጫ ሞተሩን ከጎማው ትለያላችሁ። ጉዳቱ ማርሽ ስትቀንሱ ነው። ሦስተኛን ወደ ሁለተኛ አውርዳችሁ ፍሪሲዮኑን ድንገት ከለቀቃችሁት ሞተሩ የኋላውን ጎማ ይይዘዋል፤ እርጥብ ላይ ኋላዋ ወዲያው ይሄዳል። ማርሽ ስትቀንሱ በትንሽ ነዳጅ የሞተሩን ዙር ከፍ አድርጎ ማገጣጠም መማር ያስፈልጋል። ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ አውቶማቲክ ይህንን ራሱ ይሠራዋል፤ ሁለቱም እጃችሁ መሪው ላይ ይቆያል። ለደኅንነት እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ለደስታ ማኑዋሉን።

ተራው አውቶማቲክ አንድ መጥፎ ልማድ አለው። መታጠፊያ መሐል ላይ ነዳጁን ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ስትረግጡት «ቸኩሏል» ብሎ ራሱ ማርሽ ይቀንሳል። ያልጠበቃችሁት ጉልበት ባልጠበቃችሁት ቦታ ይመጣል። ስለዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ወደ ማኑዋል ሞድ ቀይሩና ማርሹን እናንተ ያዙት። ሲዘንብ አንድ ማርሽ ከፍ በሉ። ዝቅተኛ ማርሽ የሞተሩን የማዞር ኃይል ያበዛዋል፤ ከፍ ያለው ያለሰልሰዋል። ያን ቀን በሦስተኛ ማርሽ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አላወራችሁም ነበር።

የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ስለሚያካፍለው ዲፈረንሻል አጭር ነገር ልበል። ተራው ዲፈረንሻል መታጠፊያ ላይ በውስጥ በኩል ያለውን አንዱን ጎማ ብቻ በባዶ ያሽከረክራል፤ ጉልበት ይባክናል፣ ሌላው ጎማ ግን ኋላዋን ይዞ ይቆያል። መንሸራተትን የሚገድበው ዓይነት ሁለቱንም ጎማዎች አንድ ላይ ይገፋል። የተሻለ ይቆነጥጣል፣ አካሄዱም ይታወቃል። ሲለቅ ግን ሁለቱም አብረው ይለቃሉ። ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ከሆነች እኔ ሁለተኛውን እፈልጋለሁ፤ ይህን መኪና ለማጽናት ሳይሆን ጠባይዋን አስቀድሜ ለማወቅ።

ጎማ፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ሰው መቶ የፈረስ ጉልበት ለመጨመር ይከፍላል፣ ከዚያ ለጎማ ሲሆን ርካሹን ይፈልጋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ ኮምፒውተሩም የሚሠሩት በዚያች መዳፍ በምታክል ላስቲክ በኩል ነው።

ምርጫው አራት ነው። የበጋ ስፖርት ጎማ በደረቅም በእርጥብም ጥሩ ይይዛል፤ የአየሩ ሙቀት ወደ 7 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ላስቲኩ እየጠነከረ ይሄዳል፣ መያዙንም ይቀንሳል። በረዶ ላይ ጭራሽ አይሆንም። የክረምት ጎማ (ለዝናብ ሳይሆን ለብርድና ለበረዶ የሚሠራው) በቅዝቃዜ ላይ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ በሙቀት ደግሞ ይልፈሰፈሳል። ለሁሉም ወቅት ተብሎ የሚሠራው በመሐል ነው። በደረቅ መንገድ እንደ በጋው አይይዝም፣ ቢሆንም አለቃቀቁ ለስለስ ያለ ነው፤ ከትራክ (ከመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ርቆ በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የሚናቅ አይደለም።

አራተኛው ለውድድር የቀረበው ጎማ ነው፤ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 ዓይነቱ። ደረቅ ትራክ ላይ ሲሞቅ ተአምር ነው። ጥርሱ ጥልቀት የለውም፣ ስለዚህ ውሃ ሲተኛበት መንሳፈፍ ይቀናዋል። ሲቀዘቅዝም ብዙ አይይዝም። አዲስ መኪና ከነሱ ጋር ገዝታችሁ ጠዋት በዝናብ ከቤት ስትወጡ፣ ትናንት ትራክ ላይ የነዳችኋት መኪና አይደለችም። ለመንገድ የምመርጠው የበጋውን ነው፤ ከዚያው ኩባንያ ፓይለት ስፖርት 4ኤስ በዚህ ክፍል ውስጥ ነው።

ከዓይነቱ ባልተናነሰ ዕድሜው ወሳኝ ነው። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2321 ቢል በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የስፖርት መኪኖች ብዙ ስለሚቆሙ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ያረጀ ላስቲክ ያምራል፣ አይይዝም። ስድስት ዓመት ካለፈው እኔ ጥርሱን አላይም፤ አስቀይረዋለሁ። የጥርሱ ጥልቀት በአውሮፓ ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ያ ግን የሕግ ወለል ነው። ውሃ ላይ ጎማው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይደክማል፤ ሰፊ ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

የጎማውን ነፋስ ጠዋት፣ ሳይሞቅ ለኩት። ሁለት ጎማ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነና መጠናቸው ከፊትና ከኋላ አንድ ከሆነ አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ። አንዱን ዓይነት ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ ማቀላቀልን ግን ተዉት። ከኋላ ያነሰ የሚይዝ ጎማ ያላት መኪና ጊዜ አትሰጥም።

ሌላም አለ። ጎማ እስኪሞቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ሰዎች ከተሰበሰቡበት የመኪና ማቆሚያ ሲወጡ «እስቲ ድምፁን እናሰማ» ብለው ነዳጁን የሚረግጡት ጎማቸው ቀዝቃዛ ሆኖ፣ መሪያቸው ገና ሳይስተካከል፣ እግረኛ ከጎን ቆሞ ሳለ ነው። ከዚህ የከፋ ቦታና ሰዓት ሊመረጥ አይችልም። እባካችሁ፣ እዚያ ላይ ዝም ብላችሁ ውጡ።

ኮምፒውተሩን ማብራት ወይስ ማጥፋት?

ኤቢኤስ፣ ፍሬን ስትረግጡ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ በ1978 በመርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ መጣ። መኪናዋን ከመዞር የሚጠብቀው ስታቢሊቲ ኮንትሮል ደግሞ በ1995፣ በዚያው በመርሴዲስ። ይህ ሁለተኛው ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአውሮፓ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆነ። አሠራሩን ካያችሁ ምክንያቱ ይገባችኋል። መሪው ወዴት እንደዞረ ያያል፣ መኪናዋ በእውነት ወዴት እንደምትዞር ያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው ይይዛል፣ ጉልበቱንም ይቀንሳል። እናንተ አራቱን ጎማ ለየብቻ በፍሬን መያዝ አትችሉም። የዓለም ሻምፒዮንም አይችልም።

ያለሱ የተሠሩ ኃይለኛ መኪኖች አሉ። በ1992 የመጣችው ዶጅ ቫይፐር 8 ሊትር ሞተርና 400 የፈረስ ጉልበት ይዛ ኤቢኤስ እንኳን አልነበራትም። ከ2004 የተሸጠችው ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ስታቢሊቲ ኮንትሮል አልነበራትም። ድንቅ መኪኖች ናቸው። ለሚማር ሰው ግን አይሆኑም፤ ይህን የምለው እየወደድኳቸው ነው።

ታዲያ ከሞዶቹ የትኛውን? የእርጥብ መንገድ ሞድ ነዳጅ መስጫውን ያለሰልሰዋል፣ ኮምፒውተሩም ቶሎ ጣልቃ ይገባል። ሲዘንብ ብቻ ሳይሆን መኪናዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትይዙም ተጠቀሙበት። መደበኛው ለዕለት መንገድ በቂ ነው። «ስፖርት» የሚለው በየመኪናው የተለያየ ነው፤ በአንዷ ነዳጅ መስጫውን ብቻ ያሳላል፣ በሌላዋ ኮምፒውተሩ ኋላዋ ትንሽ እንዲሄድ ይፈቅዳል። መመሪያውን ሳታነቡ አትንኩት። ኮርቬት ለትራክ አምስት ደረጃ ያለው መቆጣጠሪያ አላት፤ የመርሴዲስ ኤኤምጂ ጂቲ አር ዘጠኝ ደረጃ አላት። እነዚህ ደረጃዎች ለተማሪ ትልቅ ስጦታ ናቸው። ከላይ ጀምሮ አንድ አንድ እየወረዱ፣ መብራቷ ምን ያህል ጊዜ እንደምትበራ እየቆጠሩ መማር ይቻላል። መብራቷ ባበራች ቁጥር ኮምፒውተሩ የእናንተን ስህተት አርሟል ማለት ነው።

ጨርሶ ማጥፋት? በተዘጋ ቦታ፣ አሠልጣኝ ከጎን ተቀምጦ። በሕዝብ መንገድ ላይ አንድም በቂ ምክንያት አላገኘሁም። አንድ ነገር ግን ማመን አለባችሁ፤ ኮምፒውተሩ መሬት የመያዝ አቅም አይፈጥርም። መታጠፊያው ከሚችለው በላይ በፍጥነት ከገባችሁ እሱም አብሯችሁ ይወጣል።

ስትሄድባችሁስ?

የፊቱ ጎማ ሲከዳ፣ ማለትም መሪውን አዙራችሁ መኪናዋ ሳትታጠፍ ስትቀር፣ መሪውን ከዚያ በላይ አታዙሩ። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፣ መሪውን ትንሽ ፈታ አድርጉ፣ ጎማው ይመለሳል።

ነዳጅ አብዝታችሁ ኋላዋ ሲሄድ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ነው። ዓይናችሁ መሄድ ወደምትፈልጉበት፤ ወደ ዛፉ ወይም ወደ ግንቡ አይደለም። እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው። መሪው ኋላዋ ወደ ሄደበት አቅጣጫ። ነዳጁ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል፣ አይነጠቅም። ኋላዋ የሄደው እግር ስላነሳችሁ ከሆነ ደግሞ ፍሬን አትርገጡ፤ መሪውን መልሱ፣ በጣም ትንሽ ነዳጅ አስነኩ፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይመለስ።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በሁለተኛው መንሸራተት ላይ ነው። የመጀመሪያውን ይይዘዋል። ጎማው መልሶ መሬት ሲቆነጥጥ መሪው ገና ተጣሞ ነው። መኪናዋ ወደዚያኛው ጎን ትወረወራለች፣ ከመጀመሪያው በባሰ ኃይል። ስለዚህ ኋላዋ መመለስ ስትጀምር መሪውን ወዲያው ወደ ቀጥታ መመለስ አለባችሁ፤ ሙሉ በሙሉ እስክትስተካከል አትጠብቁ።

ከአቅም በላይ ሆና መዞር ከጀመረች ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም እስከ መጨረሻው ርገጡና ያዙ። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬኑን ብቻ። ዙሩን መሐል ላይ ለማዳን መታገል ብዙውን ጊዜ መኪናዋን ወደማይታወቅ አቅጣጫ ይተኩሳታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አቀማመጣችሁ ትክክል ከሆነ ነው። ትከሻችሁ ወንበሩን ሳይለቅ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። ፍሬኑን እስከ ታች ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይበል። እጆቻችሁ በግራና በቀኝ፣ በሰዓት ቆጣሪ ዘጠኝና ሦስት ላይ።

የት ልማር?

ጊዜና ገንዘብ ለአንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ውሃ በፈሰሰበት የመንሸራተቻ ሜዳ ላይ አሳልፉት። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትንሸራተታላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ ማንም አይጎዳም፣ ጎማም ብዙ አያልቅም። በአንድ ቀን ውስጥ መንገድ ላይ በዓመታት የማይገጥማችሁን ያህል ኋላዋ ይሄድባችኋል። እጃችሁ የሚማረው በድግግሞሽ ነው።

ትራክ ላይ ከአሠልጣኝ ጋር መንዳት ፍሬንን፣ መስመርን፣ የዓይን አጠቃቀምን ያስተምራል። መንሸራተትን ግን ብዙም አያስተምርም፤ እዚያ የምትንሸራተቱበት ፍጥነት ከፍ ያለ ነው። ከሜዳው በኋላ ይሁን። ጎካርት ጥሩ መነሻ ነው፤ ሞተሩ የሚገፋው የኋላውን አክሱል ነው፣ ስህተታችሁን ወዲያው ይነግራችኋል። ሲሙሌተር ዓይንና እጅን ያሠለጥናል። የመኪናን መንሸራተት መጀመሪያ የሚሰማው ግን መቀመጫ ነው፤ ያንን ስክሪን አይሰጥም። በምሽት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ብቻ መለማመድን ጨርሶ ከዝርዝሩ አውጡት። የመብራት ምሰሶ አለ፣ የማታዩት ሰው አለ፣ የሚያርማችሁ የለም።

ያገለገለች ስትገዙ

ኃይለኛ መኪና ስታዩ ሻጩ ኮፈኑን ሊከፍትላችሁ ይጣደፋል። እናንተ መጀመሪያ ጎንበስ በሉ። የኋላ ጎማዋን በውስጥ በኩል በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከውጭ አዲስ መስሎ ከውስጥ ያለቀ ጎማ በእነዚህ መኪኖች ላይ ብዙ አለ። አራቱም አንድ ዓይነት መሆናቸውን፣ ቀናቸውን እዩ። ከዚያ ቁልፉን አዙሩና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የኤቢኤሱና የስታቢሊቲ ኮንትሮሉ መብራቶች በርተው መጥፋት አለባቸው። ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው ብልሽቱን ለመደበቅ አጥፍቷቸው ሊሆን ይችላል።

ጉልበት ተጨምሮባት እንደሆነ ጠይቁ። ተጨምሮ ፍሬኑ፣ ጎማውና አሞርዛተሩ የፋብሪካው ከሆነ፣ መሐንዲሶቹ ያላወቋትን መኪና ነው የምትገዙት። 300 የፈረስ ጉልበትና አዲስ ጎማ ያላት አንዲት፣ 600 የፈረስ ጉልበትና ስምንት ዓመት የሞላው ጎማ ያላት ሌላ በአንድ ዋጋ ቢቀርቡላችሁ የመጀመሪያዋን ውሰዱ። ሁለተኛዋን የግድ ከፈለጋችሁ ሻጩ አራቱንም ጎማ ይቀይር። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብላችሁ ሞተሯን የምታስነሱት።